የከፋይ ጉንዳንን ማርባት ለምን ከበደ? መልሱ የሚፈለገው በጭቃው ጎጆ ነው

በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች መካከል አንዲት ፀጉራም፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር ቀለም ያላት፣ በአሸዋ ላይ ያለ ዕረፍት የምትሮጥ «ጉንዳን» ደጋግማ ትታያለች። ፀጉሯ ከፋይ የሚባለውን ለስላሳ ጨርቅ ስለሚመስል የከፋይ ጉንዳን ትባላለች። ከሥር የሚነበበው አስተያየት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ላም ትገድላለች፣ ራቋት» ይላል። ሌላው «የት ትገኛለች? አርብተን እንሽጣት» ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ በአጭሩ ማረም ይቻላል። ሁለተኛው ግን ቁም ነገር ያለበት ጥያቄ ነው። ይህችን ነፍሳት እንደ ሐር ትል ወይም እንደ ንብ በእጅ እያራባ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግር ሥራ እስከ ዛሬ አልተለመደም። ያልተለመደበትን ምክንያት የተረዳ ሰው በሰሜን ሸዋ ምድር ውስጥ ስለሚኖሩት ንቦችና ተርቦችም ብዙ ነገር ይረዳል።

የከፋይ ጉንዳን ጉንዳን አይደለችም፤ ክንፍ የሌላት ተርብ ናት። ወገኗ ሙቲሊዴ ይባላል፤ በዓለም ዙሪያ ከ4,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ወገን ነው። አብዛኞቹ ሞቃትና ደረቅ አገር ይወዳሉ። ክንፍ የሌላትም የምትናደፈውም ሴቷ ናት። ወንዱ ክንፍ አለው፣ ይበርራል፣ መናደፊያ ግን የለውም። ሁለቱ በመልክ ከመራራቃቸው የተነሳ ተመራማሪዎች የአንዱን ዝርያ ሴትና ወንድ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው የመዘገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንድ ጾታ ብቻ የሚታወቁ፣ «ባሏ» ወይም «ሚስቱ» ያልተገኘላቸው ዝርያዎች አሁንም በርካታ ናቸው። ማርባት የሚጠቅመው አንዱም ለዚህ ነው፤ ከአንዲት እናት የወጡ ወንድና ሴት ልጆችን ማየት ጥርጣሬውን ይዘጋል።

«ላም ገዳይ» የሚለው ስም የተለጠፈባት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የምትኖረው ዳሲሙቲላ ኦክሲደንታሊስ ናት። ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መናደፊያዋ ደግሞ የሰውነቷን ግማሽ ያህላል። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ጀስቲን ሽሚት የንድፊያን ሕመም ከ1 እስከ 4 ባስቀመጠበት መለኪያ 3 ሰጥቷታል፤ ይህ ከማር ንብ በእጅጉ የከፋ ሕመም ነው። መርዟ ግን ያሳምማል እንጂ አይገድልም። በአይጥ ላይ በተደረገ ልኬት፣ እኩል መጠን ሲወሰድ የማር ንብ መርዝ ከቅርብ ዘመዷ ከዳሲሙቲላ ክሉጊ መርዝ 25 እጥፍ ያህል ገዳይ ሆኖ ተገኝቷል። ላም ይቅርና ጥጃም አትገድልም። ቆዳዋም እንደ ጋሻ ነው፤ እሷን ለመጨፍለቅ የማር ንብን ለመጨፍለቅ ከሚበቃው 11 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስትያዝ ሆዷን አፋትጋ ድምፅ ታሰማለች፣ ሽታም ትለቃለች። እንሽላሊቶች፣ ወፎችና እንቁራሪቶች አንድ ጊዜ ከቀመሷት በኋላ ዳግመኛ እንደሚሸሿት በሙከራ ታይቷል።

ፍላጎቱ አሁን የጨመረውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የብራዚል ተመራማሪዎች ትራውማቶሙቲላ ቢፉርካ የተባለችው ዝርያ ጥቁር ቆዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ1 በመቶ ያነሰውን ብቻ እንደሚመልስ አሳወቁ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የዳሲሙቲላ መርዝ በነፍሳትና በአይጥ ላይ ሕመም የሚቀሰቅሰው በተለያዩ ንጥረ ነገሮች እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት ወጣ፤ አንዱ መርዝ ለሁለት ዓይነት ጠላት ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይዟል ማለት ነው። የሕመም መድኃኒት ለሚፈልጉ ይህ ትልቅ ዜና ነው። በሌላ በኩል ብርቅ ነፍሳትን በመስታወት ሣጥን ማኖር የሚወዱ ሰዎች በውጭ አገር በዝተዋል፤ ገበያም አለ። ለላቦራቶሪውም ሆነ ለመስታወት ሣጥኑ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ከዱር የተለቀመ ነው።

ማኖር ሌላ፣ ማርባት ሌላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ጎልማሳ የከፋይ ጉንዳን በሣጥን ውስጥ ማኖር አስቸጋሪ አይደለም። ጥልቀት ያለው ደረቅ አሸዋ፣ የምትደበቅበት ድንጋይ ወይም ቅርፊት፣ ከአንድ ጥግ የሚመጣ ሙቀት፣ በማር ውኃ የተነከረ ጥጥና ንጹሕ ውኃ ከተደረገላት ትኖራለች። ጎልማሳዋ የአበባ ማርና ጣፋጭ ፈሳሽ እንጂ ሥጋ አትበላም። ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሣጥን የኖሩ አሉ። እንዲህ ያለ ዕድሜ ለአንዲት ተርብ ረጅም ነው። ስለዚህ አኗኗሪው «ተመችቷታል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ትወልዳለች» ብሎ ይጠብቃል።

አትወልድም። ወይም እንቁላሏን የምትጥልበት ታጣለች።

የከፋይ ጉንዳን ለልጆቿ ቤት አትሠራም፣ ምግብም አታከማችም። ሌላ ነፍሳት የሠራውን ጎጆ ፈልጋ ትገባና በውስጡ ባለው ሕፃን ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የባለጎጆዋን ልጅ ከውጭ ሆኖ እየመጠጠና እየበላ ያድጋል፤ ጨርሶ ሲበላ በዚያው ክፍል ውስጥ የሐር ሽፋኑን ፈትሎ ይተኛል፤ ከዚያ ፑፓ፣ ማለትም በእጭና በጎልማሳ መካከል ያለው የማይበላ ደረጃ፣ ሆኖ በመጨረሻ ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ልጅ አንድ የባለጎጆ ሕፃን ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚጠቁት መሬት ቆፍረው ወይም ጭቃ አቡክተው ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦችንና ተርቦችን ነው። ጥቂቶቹ ዝንብ፣ ጥንዚዛ ወይም የበረሮ የእንቁላል ከረጢት ያጠቃሉ።

እንግዲህ የከፋይ ጉንዳን ማርባት የሚፈልግ ሰው ሁለት እንስሳ ማርባት አለበት። ከሁለቱ ከባዷ ደግሞ የከፋይ ጉንዳኗ አይደለችም። እናት በግ ሳይዙ ግልገል ለማሳደግ እንደ መነሳት ነው፤ መንዝ ውስጥ ይህን የሚሞክር የለም፣ በነፍሳት ዓለም ግን ሁልጊዜ ይሞከራል።

ባለጎጆዋን ማርባት ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ለብቻዋ የምትኖር የመሬት ንብ በቀፎ አትገባም። ንግሥትና ሠራተኛ የላትም፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ የአበባ ዱቄትና ማር አድርጋ እንቁላል ትጥላለች፣ ትዘጋዋለች። በእጅ ለማኖር የምትበርርበት ሰፊ ቦታ፣ በየወሩ የማይቋረጥ አበባ፣ ልክ የሆነ የአፈር ጥብቀትና እርጥበት፣ ፀሐይ ያስፈልጋታል። በሰሜን ሸዋ ገበሬ ጣዝማን የሚያውቀው ከመሬት ውስጥ ለመድኃኒት ማሯ ስለሚፈልጋት ነው፤ ከመሬት ሥር ከሚኖሩት ንቦች ግን ስም የወጣላት ያቺ ብቻ ናት ለማለት ይቻላል። በእርከን ጠርዝ፣ በማሳ ድንበርና በእግር መንገድ ዳር ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩት ሌሎቹ ትናንሽ ንቦች፣ ሽምብራውንና ባቄላውን እየጎበኙ የሚያልፉት፣ ገና አልተጠኑም። ስማቸውን ሳናውቅ ጥገኛቸውን ልናረባ ማሰብ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው።

በአውሮፓ ይህን ችግር ያቃለለ አንድ አጋጣሚ አለ። ሙቲላ ዩሮፒያ የምትባለው የከፋይ ጉንዳን፣ የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የመዘገባት፣ ቦምበስ የሚባሉትን ትልልቅ ፀጉራም ንቦች ጎጆ ታጠቃለች። እነዚህ ንቦች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቲማቲም አበባ ማዳቀያ በብዛት ይራባሉ፤ የጎጆ ሣጥናቸው በገበያ ይገኛል። የሚፈልግ ተመራማሪ ባለጎጆዋን ገዝቶ ሥራውን መጀመር ይችላል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ቦምበስ በተፈጥሮ የለም። ያ መንገድ ለእኛ ዝግ ነው፤ መዘጋቱም ጥሩ ነው፣ የባዕድ ንብ ማስገባት የሚያመጣውን መዘዝ ሌሎች አገሮች አይተውታል።

የጠገበች እጭ እና የጊዜው ጥበት

ባለጎጆ ተገኘ እንበል። ማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለ ሕፃን ግን አይሆንም። የከፋይ ጉንዳን የምትፈልገው ምግቡን በልቶ የጨረሰ፣ የሐር ሽፋኑን የፈተለ፣ ወደ ፑፓ ለመለወጥ የተዘጋጀ እጭ፣ ወይም ገና የተለወጠ ፑፓ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ ሕፃኑ ትንሽ ነው፤ ለጥገኛዋም ምግብ አይበቃትም። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ቆዳው ጠንክሮ፣ አካሉ ወደ ጎልማሳ ተለውጦ ምግብ መሆኑ ይቀራል። ተስማሚው ጊዜ በሞቃት አገር የቀናት ጉዳይ ነው። እናቲቱም በአንድ ቀን ብዙ እንቁላል አትጥልም፤ እንቁላሎቿ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ በየቀኑ ትክክለኛ ዕድሜ ያለው የባለጎጆ ሕፃን መገኘት አለበት፤ ዛሬ ሃያ ቀርቦ ለሦስት ሳምንት ባዶ መሆን ዋጋ የለውም።

ይህን የሚያቃልለው ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ዕረፍት ነው። ብዙ ንቦችና ተርቦች ክፉውን ወቅት የሚያሳልፉት የጠገበ እጭ ሆነው ተኝተው ነው፤ አንዳንዶቹ ለወራት እንዲሁ ይቆያሉ። በካናዳና በአሜሪካ ለአልፋልፋ የሚራባው ቅጠል ቆራጭ ንብ የጠገቡ እጮች በማቀዝቀዣ ለወራት ተቀምጠው ሲፈለጉ ይወጣሉ። እንዲህ የሚያርፍ ባለጎጆ ማግኘት ማለት የጊዜውን ጥበት በማቀዝቀዣ ማስፋት ማለት ነው። ነገር ግን የመብራት መቆራረጥ ባለበት አገር ማቀዝቀዣ ላይ የቆመ ሥራ ከጅምሩ ሁለተኛ መላ ይፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ እዚህ ላይ እንደ ሀብት ሊታይ ይችላል።

የባለጎጆው ትልቅነትም ይወስናል። ጥገኛዋ የምትበላው አንድ ሕፃን ብቻ ስለሆነ የጎልማሳዋ ቁመት የሚለካው በበላችው ልክ ነው፤ ከዚሁ የተነሳ የአንድ ዝርያ ጎልማሶች በቁመት በእጅጉ ይለያያሉ። እንደ ንብና እንደ ሌሎች ተርቦች ሁሉ ካልዳቀለ እንቁላል ወንድ፣ ከዳቀለው ሴት ይወጣል፤ እናቲቱ የትኛውን እንደምትጥል ስትመርጥ የባለጎጆውን ትልቅነት የምታይባቸው ዝርያዎች አሉ። በአሜሪካ በጭቃ ተርብ ላይ የምትኖረው ስፌሮፕታልማ ፔንሲልቫኒካ ወንዶቿን በትልልቆቹ ላይ ስታኖር ተገኝታለች፤ ይህ በጥገኛ ተርቦች ዘንድ ከተለመደው ተቃራኒ ነው። አርቢው ይህን ሳያውቅ ባገኘው ዓይነት ባለጎጆ ብቻ ከቀጠለ፣ አንድ ቀን ሣጥኑ ወንድ ብቻ ሞልቶት ያገኘዋል።

የወንዱ ጣጣ

ስለ ማዳቀል አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ከዱር የተያዘች ሴት ብዙውን ጊዜ ቀድማ የተዳቀለች ናት፤ የወንዱን ዘር በሆዷ ይዛ ለወራት ትጠቀምበታለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ትውልድ ያለ ወንድ ይገኛል። ችግሩ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ይመጣል፤ ማርባት የሚባለውም ያ ነው።

ወንዱ ዕድሜው አጭር ነው። ሴቷን የሚያገኛት ዝቅ ብሎ እየበረረ ሽታዋን በማሽተት ነው። በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሽታው ሁሉንም ቦታ ይሞላዋል፤ መብረሪያም የለውም፤ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ይውላል። በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ከሴቷ እጅግ የሚተልቅ ሲሆን አንስቷት እየበረረ ነው የሚዳቀላት፤ እንዲህ ላለው ዝርያ የእጅ ስፋት ያለው ዕቃ ቀድሞውንም አይሆንም። ሴቷ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ትዳቀላለች፤ ቀድማ የተዳቀለችውን ማቅረብ ወንዱን ማድከም ነው። ስለዚህ ከሽፋኗ ገና የወጣች ድንግል ሴትና ገና የወጣ ወንድ በአንድ ሳምንት ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ወንዶቹ ቀድመው ከወጡና ሴቶቹ ከዘገዩ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጥቂት እናቶችን ይዞ ለሚጀምር ሰው ይህ መተላለፍ ብቻውን ሥራውን ሊያቆመው ይችላል።

ከአንድ እናት የተነሳ መንጋ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። በብዙ ንቦችና ተርቦች ዘንድ ወንድምና እኅት ሲዳቀሉ ከዳቀለው እንቁላል ሴት መውጣት ሲገባት መካን ወይም ደካማ ወንድ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ንብ አርቢዎች በቀፎ ውስጥ የተቦዳደሰ፣ ባዶ ባዶ የሆነ የእጭ ሰሌዳ ሲያዩ ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የዘመድ ጋብቻ ነው። አርቢው ከተለያየ ቦታ የመጡ እናቶች ያስፈልጉታል።

የጥገኛው ጥገኛ

ብዙም ያልተነገረለት ትልቁ ጠላት ሌላ ነው። ሜሊቶቢያ የሚባሉ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ደቃቅ ተርቦች አሉ፤ የንቦችንና የተርቦችን የጠገቡ እጮች ያጠቃሉ። ከአንድ እጭ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወጣሉ። ሴቶቹ በቀጭን ስንጥቅ ሳይቀር ሾልከው ይገባሉ፤ በማራቢያ ክፍል ውስጥ አንዲት ብቻ ብትገባ በጥቂት ሳምንት የተከማቸውን ባለጎጆ ሁሉ ልትጨርሰው ትችላለች። ይህችን ሳያጣሩ ከዱር የመጣ ጎጆ ወደ ክፍሉ ማስገባት ሥራውን በገዛ እጅ መግደል ነው። ከዱር የሚመጣው እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው በተዘጋ ብልቃጥ መቆየት አለበት፤ የሚወጣውን አይቶ ነው ወደ ማራቢያው የሚገባው። ሻጋታና እውነተኛው ጉንዳንም ተጨማሪ ናቸው፤ እነሱን ግን በንጽሕናና በውኃ በተከበበ የጠረጴዛ እግር ማስቆም ይቻላል።

አንድ ዞን፣ ብዙ የአየር ጠባይ

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የሚያስቸግርም የሚመችም ምድር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ጣርማ በርን ተሻግሮ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በምዕራብ በኩል የጀማ ሸለቆ፣ በደቡብ የምንጃር ሜዳ የየራሳቸው ሙቀትና አፈር አላቸው።

ሙቀትና ደረቅ አሸዋማ አፈር የሚወድ ወገን መፈለግ ያለበት በቀወትና በሸዋ ሮቢት፣ በምንጃርና በሸለቆዎቹ ነው። ከዚያ የተያዘችን ሴት ደብረ ብርሃን አምጥቶ በተራ ክፍል ማስቀመጥ ግን በቀን ብርሃን ሳትንቀሳቀስ እንድትውል ማድረግ ነው፤ የማትንቀሳቀስ እናት ባለጎጆ አትፈልግም። ሙቀቱ በቀንና በሌሊት መለዋወጥ ይኖርበታል፤ ቀኑን ሙሉ እኩል የሆነ ሙቀትም አይበጅም። ዝናቡም ምልክት ነው። ይህ ዞን በልግም ክረምትም የሚያገኝ ምድር ነው፤ የመሬት ነፍሳት ከዕረፍት የሚነቁት አፈሩ ሲርስና አበባው ሲከተል ስለሆነ፣ በሣጥን ውስጥ ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ድርቀት ማቆየት የተኛው እንዲነቃ የሚያደርገውን ምልክት መንፈግ ነው። በእኔ እምነት ማራቢያው መሆን ያለበት ነፍሳቱ በሚገኙበት ቆላ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተማ መምጣት ያለበት መረጃውና ለማስረጃ የሚቀመጠው ናሙና ነው።

ለምን ከጭቃው ጎጆ እንጀምር?

ከመሬት ሥር ያለን ጎጆ ፈልጎ ቆፍሮ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ስንቆፍርም ቤቱን እናፈርሳለን። ግን በሰሜን ሸዋ ወይና ደጋና ቆላ ውስጥ ማንም ሰው ባለጎጆዋን በደጃፉ ያውቃታል። በጣራ ሥር፣ በጋጣ ግድግዳ፣ በትምህርት ቤት መስኮት ጥግ የጭቃ ክፍሎች ደርድራ የምትሠራው ቀጭን ወገብ ያላት ተርብ ሴሊፍሮን ትባላለች። በየክፍሉ በንድፊያዋ ያደነዘዘቻቸውን ሸረሪቶች ታጉራለች፤ እንቁላሏን በአንዱ ላይ ትጥላለች፤ ክፍሉን በጭቃ ትደፍናለች። ጎጆውን ሰብሮ ያየ ልጅ ሁሉ እነዚያን የማይሞቱም የማይንቀሳቀሱም ሸረሪቶች ያስታውሳል። እጩ ሸረሪቶቹን ጨርሶ ሲበላ ስስ፣ ቡናማ፣ ወረቀት የመሰለ ሽፋን ፈትሎ ይተኛል። የከፋይ ጉንዳን የምትፈልገው ልክ ያንን ነው።

በአፍሪካ ዶሊኮሙቲላ የሚባለው የከፋይ ጉንዳን ወገን ከእነዚህ የጭቃ ጎጆዎች እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ሴቷ የደረቀውን ጭቃ በመንጋጋዋ ትበሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ጭቃ ተርብን ማርባት ሳያስፈልግ፣ ሸረሪት ማደንም ሳያስፈልግ፣ ተርቧ ራሷ ሠርታ የዘጋቻቸውን ክፍሎች ከግድግዳ ላይ ማንሳት ይቻላል። ባለጎጆዋን የማርባት ሸክም በተርቧ ላይ እንዳለ ይቀራል። ይህ ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ የሚበልጥበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የተዘጋውን ጎጆ በስለት ከግድግዳው ማላቀቅ፤ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን በላዩ መጻፍ፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ የሐር ሽፋኑን ሳይቀድዱ ማውጣት፤ እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ ወይም ባዶ የመድኃኒት እንክብል ውስጥ ማስቀመጥ። ከአንዳንዱ ጭቃ ተርብ ይወጣል። ከአንዳንዱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ተርብ፣ እሷም ጥገኛ ናት፣ ትወጣለች። ከአንዳንዱ ሜሊቶቢያ ይፈስሳል፤ ያንን ብልቃጥ ሳይከፍቱ ማቃጠል ይገባል። ዕድል ከቀና ከአንዱ የከፋይ ጉንዳን ትወጣለች፤ ያኔ የባለጎጆዋ ስም፣ የክፍሉ ስፋት፣ የወጣችበት ቀንና ጾታዋ በአንድ ላይ ተመዝግበዋል። በዱር ሺህ ጊዜ ስትሮጥ ማየት ይህን አያስገኝም።

ለዚህ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ደግሞ ሰው ቤቱን ለመስከረም በዓላት ከመለቅለቁ በፊት ያለው ነው። በዚያ ሰሞን በየቤቱ የሚጠረጉትና የሚሰበሩት ጎጆዎች ለምርምር ቢሰበሰቡ ማንም አይጎዳም፤ የሚሰበረው ቀድሞም ሊሰበር ነበር። የመምህራንና የተማሪዎች ጥረት ከምንም በላይ የሚፈለገው እዚህ ነው። የተዋጣለት ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ሊቀመጥና በባለሙያ ስሙ ሊረጋገጥ ይችላል።

ሊራቡ የሚችሉት የት ናቸው?

ነገሩ ጨርሶ የማይቻል እንዳይመስል ስለ አንዲት ዝርያ መናገር ይገባል። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነችውን የቆላ ዝንብ የምታጠቃ የከፋይ ጉንዳን አለች፤ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ትታወቃለች፣ ስሟም ከዝንቧ የተወሰደ ነው፤ ክሬስቶሙቲላ ግሎሲኔ። የቆላ ዝንብ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ትወልዳለች፤ እጩ አፈር ውስጥ ገብቶ ወዲያው ጠንካራ ፑፓ ይሆናል። ለጥገኛዋ ይህ የተዘጋጀ ገበታ ነው፤ ፑፓዎቹ እኩል መጠን አላቸው፣ ለመቁጠርና ለማቅረብ ይመቻሉ፣ በብዛት ይገኛሉ።

አገራችን ደግሞ የቆላ ዝንብን በብዛት የማርባት ልምድ አላት። ቃሊቲ የተቋቋመው ማራቢያ መካን ወንድ ዝንቦችን በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ ለመልቀቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ የከፋይ ጉንዳን በመደበኛነት ሊራባ የሚችልበት ቦታ ቢፈለግ፣ ከሰሜን ሸዋ ይልቅ ባለጎጆዋ ቀድማ በእጅ የገባችበት ያ ዓይነት ተቋም ነው። ጥገኛዋን ለቆ ዝንቡን መቆጣጠር ይቻላል የሚለው ሐሳብ በአፍሪካ ጥንት የተነሳ ነው፤ እስካሁን ግን ዝንብን የቀነሰው ወጥመድ፣ ፀረ ተባይና የመካን ወንድ ዘዴ ነው። ይህን የምለው ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው፤ አንዲቷ ዝርያ ልትራባ የምትችለው ስለ እሷ ብዙ ስለሚታወቅ ሳይሆን ስለ ባለጎጆዋ ብዙ ስለሚታወቅ ነው።

ስለ ገበያው

«አርብተን እንሽጣት» ለሚለው ወጣት ቀጥተኛ መልስ መስጠት ይገባል። ዛሬ ባለው ዕውቀት በሰሜን ሸዋ ለሽያጭ የሚቀርብ የከፋይ ጉንዳን የተራባ ሊሆን አይችልም፤ የተለቀመ ነው። ለቀማ ደግሞ ጉዳቱ ከሚመስለው በላይ ነው። ሴቷ አትበርርም፤ ከተወለደችበት ሩቅ አትሄድም። እንቁላሏ ጥቂት ነው። ከአንድ የእርከን ጠርዝ ላይ የሚኖሩትን እናቶች ለቅሞ መጨረስ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ከሌላ ቦታ በእግር ተጉዛ የምትተካቸው እናት ግን በቶሎ አትመጣም።

ሕጉም አለ። የኢትዮጵያን የጄኔቲክ ሀብት ስለመጠቀምና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ዓይነት ሀብት ለምርምርም ሆነ ለንግድ ለመውሰድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ነፍሳት ትንሽ ናቸውና በፖስታ ይሄዳሉ ብሎ ማሰብ ሕግ መተላለፍ ነው። ከመርዟ አንድ ቀን መድኃኒት ቢገኝ፣ የሀብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠየቀው በዚያ ወረቀት ነው።

ጓሳን ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረ ማኅበረሰብ ባለበት ዞን ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የጓሳን ሣር ለመጠበቅ ሰው ሣሩ ለምን እንደሚጠቅመው ያውቅ ነበር። በማሳ ድንበር ያለው ባዶ መሬት፣ የእግር መንገዱ ዳርና የእርከኑ ግንብ ለባቄላና ለሽምብራ አበባ የሚደርሱ ንቦች መኖሪያ መሆናቸው ግን ገና በሚገባ አልተነገረም። በተፋሰስ ሥራ እያንዳንዱ ባዶ መሬት ሲሸፈንና ሲደለደል፣ ፀረ ተባይ ኬሚካልም ያለ ልክ በአበባ ሰዓት ሲረጭ፣ የመጀመሪያዎቹ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ የከፋይ ጉንዳን ከእነሱ በኋላ በጸጥታ ትጠፋለች። የግብርና ባለሙያዎች ርጭቱ ንቦች ከማይወጡበት ከማታ በኋላ እንዲሆን፣ ከማሳው ድንበርም ትንሽ ፀሐያማ ባዶ መሬት እንዲተው ቢመክሩ ለማር ንብም ይጠቅማል።

በሚቀጥሉት ዓመታት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ታዲያ እነዚህ ናቸው፤ በሸዋ ሮቢት፣ በምንጃርና በጀማ ሸለቆ የጭቃ ተርብ ጎጆዎች ስንቱ ጥገኛ እንደያዙ፣ ከየትኛው ወር የተሰበሰቡት እጮች በዕረፍት ላይ እንደሚገኙ፣ የትኛው የከፋይ ጉንዳን ከየትኛው ባለጎጆ እንደምትወጣ። ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ ከአንድ ጎጆ የወጡ ድንግል ሴትና ከሌላ ጎጆ የወጣ ወንድ ሰፋ ባለ የሽቦ ወንፊት ቤት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ለሴቷ በልኩ የደረሱ የጭቃ ክፍሎች ይቀርቡላታል፤ ከእነዚያ ሴት ልጆች ከወጡ ማርባቱ ተጀምሯል ማለት ይቻላል።